የሦስት ቀን እናት

ሬታ ሆልከም ስለ ራሷ የሚወራውን የሰማችው በሄድፎን ነው። ማይክሮፎኑ ፊት ቆማ፣ ዘፈኑን ለሁለተኛ ጊዜ ጨርሳ ትንፋሿን እየሰበሰበች ነበር። ከመስታወቱ ወዲያ የተቀመጡት ሁለት ሰዎች እሷን የሚያናግሩበትን ቁልፍ ማጥፋት ረስተውታል። አንደኛው ፕሮዲውሰሩ ኪፕ ላንፎርድ ነው፤ ሌላው መሣሪያው ላይ የሚሠራው የድምፅ ባለሙያ። "እዚህች ጋ ድምጿ እንዴት ስብር እንደሚል ስማው እስቲ" አለ ኪፕ። "ልጅቷ ይህን ካሴት ወስዳ ሳምንት ሙሉ ትስማው። ትንፋሽ የምትወስድበትን ቦታ ሳይቀር ታጥናው።" ባለሙያው "ታዲያ ሴትዮዋ ራሷ ለምን አትዘፍነውም?" አለው። ኪፕ ሳቀ። የክፋት ሳቅ አልነበረም፤ ሬታን የከነከናትም ይኸው ነው። "አርባ አንድ ዓመቷ እኮ ነው፤ ፊቷን አላየኸውም? የሌሊት ተራዋን ጨርሳ የወጣች ነርስ ነው የምትመስለው። ፖስተር ላይ ለጥፌ ለማን ልሽጣት?" ከዚያ ቁልፉ ቀድሞም ክፍት እንደነበር ሳያስተውል ጣቱን አሳረፈበትና ድምፁን አጣፍጦ "ሬታዬ፣ ግሩም ነው! አንጀቴን በላሽው!" አላት። ሬታም አመሰገነችው።

ልጅቷ የተባለችው ዘፋኝ ሃያ ሁለት ዓመቷ ነው። ያን ዓመት በአሜሪካዋ የሙዚቃ ከተማ በናሽቪል ሬዲዮ ከፍቶ እሷን ሳይሰማ የሚውል ሰው አልነበረም። ሬታ ደግሞ አሥራ ሰባት ዓመት ሙሉ ለእንደዚህ ያሉ ሰዎች ግጥምና ዜማ ስትሰጥ የኖረች ሴት ናት። ጠዋት ጠዋት ከሙዚቃው ሰፈር አነስተኛ ቢሮዎች በአንዱ ተቀምጣ ትጽፋለች፤ የጻፈችውን ለናሙና ራሷ ትዘፍነዋለች፤ ናሙናውን ታዋቂ ሰው ሰምቶ ከወደደው ይወስደዋል። ስሟ የካሴቱ ሽፋን ውስጥ፣ ከዘፈኑ ርዕስ ቀጥሎ፣ በቅንፍ፣ ያለ መነጽር በማይነበብ ፊደል ይጻፋል። ከቢሮው ጋር የነበራት ውል ከጥቂት ወራት በፊት አልቆ ስለነበር ይህ ዘፈን ገና የማንም አልነበረም። ኪፕ ከክፍሉ ስትወጣ ጠብቆ ሁለት ወረቀት ሰጣት። አንደኛው ዘፈኑን አሳልፋ ለመስጠት የምትፈርምበት ነው። በሁለተኛው ላይ ሦስተኛው ስንኝ ተቀይሮ በታይፕ ተጽፎ ነበር።

"ያንቺ አጨራረስ ከበደ" አላት፣ እጁን ትከሻዋ ላይ ጣል አድርጎ። "ሰው መኪናው ውስጥ ሆኖ ነው የሚሰማው፣ ገባሽ? አልቅሶ አልቅሶ መጨረሻ ላይ ፈገግ ማለት አለበት። ልጅቷም ይህን ካላስተካከልሽላት አትዘፍነውም። ዛሬ እስከ አሥራ አንድ ሰዓት ደውዪልኝ።" ሬታ ቆማ አነበበችው።

ሃያ ዓመት አልፎ፣ በሩ ተንኳኳና፣
እማዬ አለችኝ፣ ልጄ መጣችና።

ወረቀቱን አጥፋ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችው። ስትወጣ ሰማዩ የኅዳር ግራጫ ነበር፣ የማይዘንብም የማይከፈትም። መኪናዋ አልነሳ ብሎ ሦስቴ ሞከረችው። ምሳ የበላችው ሁልጊዜ ከምትበላበት ቤት ነው፤ አንድ ሥጋ፣ ሦስት ዓይነት አትክልትና የበቆሎ ዳቦ በአራት ዶላር ከሃያ አምስት፣ በረዶ የገባበት ጣፋጭ ሻይ ጭምር። አስተናጋጇ ሻዩን ስትሞላላት ከጣሪያው ሥር ከተሰቀለው ሬዲዮ የአንድ ወንድ ዘፈን መጣ። ከስምንት ዓመት በፊት ሬታ የጻፈችው ነው። አስተናጋጇ ማንቆርቆሪያውን እንደያዘች ቆማ እስኪያልቅ አዳመጠችው። "ይህን ሰውዬ ስሰማ የመጀመሪያው ባሌ ትዝ ይለኛል" አለች። "እንዴት አድርጎ ነው ያወቀብን እላለሁ።" ሬታም "ያውቃል እንግዲህ" ብላ ቦሎቄዋን መብላት ቀጠለች። ዓመታት አብረው የሠሩ ሰዎች አንዳንዴ "ለምን የራስሽን አልበም አታወጪም?" ይሏታል። መልሷ ደክሞኛል የሚል ነው። ቀልድ ይመስላቸዋል።

ቤታቸው ከወንዙ ማዶ ነው፤ ለሁለት የተከፈለ የእንጨት ቤት፣ ግማሹ የነሱ፣ ግማሹ የአንድ ጡረተኛ የአውቶቡስ ሹፌር። እህቷ ላቮን ከባሏ ከተለያየች ጀምሮ አብራት ትኖራለች። ላቮን በሦስት ዓመት ትበልጣታለች። የትምህርት ቤት ማዕድ ቤት ውስጥ ለአራት መቶ ልጆች ምሳ ከሚያወጡት ሴቶች አንዷ ናት፤ ስምንት ሰዓት ላይ ስትመለስ ጉልበቷ አብጦ ደረጃውን አንድ እግር እያስቀደመች ነው የምትወጣው። ሬታ ስትገባ ላቮን የሥራ ልብሷን ሳታወልቅ ወጥ ቤት ተቀምጣ፣ እግሯን ጨው የተደረገበት ሙቅ ውሃ ውስጥ ነክራ የዋጋ ቅናሽ ኩፖን ከጋዜጣ ላይ በመቀስ ታወጣለች። ጣሪያው የሚያፈስበት ጥግ ባልዲ ተቀምጧል። ሁለቱ እህትማማቾች የሚያወሩት ስለ ዕቃ ነው፤ ወተት አለ ወይ፣ የልብስ ማጠቢያው ተሠራ ወይ፣ ሹፌሩ ዛሬም ሳለ ወይ። ከኬንታኪ ተራሮች ሥር ካለች አንዲት የከሰል ማዕድን መንደር ነው የመጡት። እናታቸው ቤት ውስጥ የማይነሳ ነገር ነበር፤ እናታቸው ከሞተች አራት ዓመት ሆኗት ነገሩ አሁንም አይነሳም።

ሬታ ኮቷን ሳታወልቅ ተቀመጠች። "ዘፈን ጽፌአለሁ" አለች።

"ሥራሽ አይደል?"

"ስላንቺ ነው።"

ላቮን መቀሱን አላቆመችም። ሬታ ካሴቱን ከቦርሳዋ አውጥታ ማቀዝቀዣው ላይ ያለው ቴፕ ውስጥ ከተተችው። የራሷ ድምፅ ወጥ ቤቱን ሞላው።

ሦስት ቀን ነው ያቀፍኳት፣ ሦስት ቀናት ብቻ፣
አልጋው እንደ ሞቀ፣ ቀረ ለብቻ።

ላቮን በዚህ ጊዜ መቀሱን አስቀመጠች። ዓይኗን ግን ከኩፖኑ ላይ አላነሳችም። ዘፈኑ ወደ ሁለተኛው ስንኝ አለፈ።

ዝናብ ሲደበድብ፣ ደጁን እንደ ጠላት፣
ለሰው እጅ ሰጠኋት፣ እንባዬ ሲያጥባት።

አልቆ ቴፑ ራሱ ቀጭ ብሎ ቆመ። ከግድግዳው ማዶ ሹፌሩ ሳለ። ላቮን ከሃያ ስምንት ዓመት በፊት፣ በአሥራ ስድስት ዓመቷ፣ ሳንባዋን ታማለች ተብሎ አክስታቸው ቤት ከርማ ነበር። የወለደችው እዚያ የኋላ ክፍል ውስጥ ነው። በአራተኛው ቀን ጠዋት ከከተማ የመጡ ባልና ሚስት ሕፃኗን ወሰዱ። ሬታ አሥራ ሦስት ዓመቷ ነበር፤ እናቷ ይዛት ሄዳ፣ እሷ ግን ኮሪደሩ ላይ ቆማ ቀርታለች።

"ማነው ዝናብ ነበር ያለሽ?" አለች ላቮን።

"እንደዚያ ነው የማስታውሰው።"

"አንቺ ከበሩ ኋላ ነበርሽ። እኔ ከውስጥ ነበርኩ።" ድምጿ አልጮኸም። "ፀሐይ ነበር። ጥርት ያለ ፀሐይ። አላለቀስኩምም። ምን እንዳደረግኩ ልንገርሽ? እማዬ እንቁላልና ዳቦ አምጥታ ጭኔ ላይ አስቀመጠችልኝ፤ 'ብዪ' አለችኝ። እኔም በላሁ። ርቦኝ ነበር፣ የጡት ወተት ያስርባል። መኪናው ሲነሳ እየሰማሁ ሳህኑን በዳቦ ጠርጌ በላሁ። ዘፈን አድርጊው እንግዲህ!"

ሬታ ስትሰማው የኖረችው የራሷን ልቅሶ ነው፤ ኮሪደሩ ላይ ቆማ ያለቀሰችው እሷ ነበረች፣ ላቮን አይደለችም። ወረቀቶቹን አውጥታ ጠረጴዛው ላይ ዘረጋቻቸው፤ ኪፕ ያለውንም፣ ዘፋኟ ማን እንደሆነችም ነገረቻት። እንዲህ ያለ ዕድል በሕይወቷ እንዳልገጠማት፣ ዘፈኑ ከወጣ ላቮን ሥራ ትታ ጉልበቷን መታከም እንደምትችል፣ በዚያች ልጅ ድምፅ ሲዘፈን ደግሞ የማን ታሪክ እንደሆነ ማንም እንደማያውቅ፣ ቀስ እያለች አስረዳቻት። ስትናገር ለራሷም የሻጭ ወሬ መሰላት። ላቮን መነጽሯን አድርጋ የተቀየረውን ስንኝ ሁለቴ አነበበችው።

"ልጄ አልመጣችም" አለች። "ማንም በሬን አላንኳኳም።"

"አውቃለሁ።"

"ያቺ ቀጭኗ ናት የምትዘፍነው? ያቺ ፀጉሯን እንደ ጎጆ የምትከምረው?"

"አዎ።"

"ጉልበቴን በልጄ አታሳክሚ፣ ሬታ።"

ውሃው ቀዝቅዞ ነበር። ላቮን አንድ እግሯን አውጥታ በፎጣ ማድረቅ ጀመረች፣ እየተጠነቀቀች፣ በየጣቷ መሐል። ሬታ እንግዲህ አለቀ ብላ ካሴቱን ልታወጣ ተነሳች። ዘፈኑን መሳቢያ ውስጥ ትቆልፈዋለች፤ ሰኞ ዕለት አዲስ ቢሮ ፍለጋ ትወጣለች፤ ሌላ ዘፈን ይጻፋል። እንዲህ ስታስብ ከኋላዋ "አንቺ ብትዘፍኚው ግን አገር ቤት ያለ ሁሉ ያውቃል አይደል?" የሚል ሰማች። ዞር አለች። ላቮን ፎጣውን እያጠፈች ነው።

"ያውቃል" አለች ሬታ። "እኔ እንዳልወለድኩ ሁሉም ያውቃል። የማን እንደሆነ ለመገመት አምስት ደቂቃ አይፈጅባቸውም።"

"እማዬ ሞታለች።"

"አዎ።"

"ሃያ ስምንት ዓመት ሳንባዬን ስታመም ኖርኩ" አለች ላቮን፣ ሳቅ የሚመስል ነገር ከአፍንጫዋ ወጣ። ጫማዋን ከወንበሩ ሥር በእግሯ ሳበችው። "ውሸቱን አውጪው እንጂ። እሱን ብቻ ነው የምልሽ። ዝናቡን አውጪው።"

ሬታ ለዚህ የምትሄድበት አንድ ቦታ ብቻ ነበራት። ኸርሸል ታከት የስልሳ ሰባት ዓመት ሽማግሌ ነው። ተቀምጠው ጭን ላይ በብረት የሚጫወቱትን ስቲል ጊታር ለብዙ ታላላቅ ሰዎች የተጫወተ፣ ወጣቶቹ ሲመጡ ስልኩ ዝም ያለበት። ከቤቱ ጀርባ ያለውን የመኪና ማቆሚያ ስቱዲዮ አድርጎታል፤ ግድግዳውን በአሮጌ ምንጣፍና በእንቁላል ማስቀመጫ ካርቶን ለብጦ፣ የቤተ ክርስቲያን መዘምራንና ማንም የማይፈልጋቸውን ሽማግሌዎች ይቀዳል፤ ትንሽ ትንሽ አሳትሞ በፖስታ ይሸጣል። ስድስት ዓመት ሙሉ ሬታን ባገኛት ቁጥር "ድምፅሽን ማዋስ ሲሰለችሽ ነይ" ይላታል። አሥር ሰዓት ተኩል ላይ ሁለቱ እህትማማቾች በሩን ሲያንኳኩ በቱታ ሆኖ ከፈተላቸው። ላቮንን አይቶ "ይቺ ማን ናት?" አላለም። ወንበር ላይ የተከመረውን ገመድ አንስቶ ቦታ ለቀቀላት፣ እግሯን የምታሳርፍበት ሣጥንም አመጣላት።

ሬታ መጀመሪያ ስልክ ጠየቀችው። ኪፕ ወዲያው ነው ያነሳው። "ፈረምሽ አይደል?"

"አልፈረምኩም። አልሰጥም።"

"ሬታ፣ የኔ እመቤት፣ ምን ሆነሻል? ሰው እንዲህ ያለ ዕድል በእግሩ ይገፋል? የስንኙ ነገር ከሆነ እንነጋገር..."

"የስንኙም ነው፣ የሌላውም ነው። ጠዋት የነርሷን ነገር ስታወራ ቁልፉ ክፍት ነበር።"

"ቀልድ እኮ ነው" አለ ኪፕ፣ ድምፁ ቀጥኖ። "ታዲያ ማን ሊዘፍነው ነው?" የሬታ መልስ በሕይወቷ ተናግራው የማታውቀው ዓረፍተ ነገር ነበር። "እኔ" አለችና ስልኩን ዘጋች። ኸርሸል የቆርቆሮ በርሜል ገልብጦ አስቀመጣት። እዚያው በእርሳስ ሁለተኛውን ስንኝ ሰርዛ ሌላ ጻፈችበት፤ የተቀየረው ሦስተኛ ስንኝ ያለበትን ወረቀት ለሁለት ቀድዳ ጣለችው።

የመጀመሪያው ቅጂ ጥሩ ነበር፤ ንጹሕ፣ ያለ ስህተት። ኸርሸል ግን ቴፑን አቁሞ ከመሣሪያው ኋላ ለረጅም ጊዜ አያት። "ልጄ፣ ይህን ለማን ነው የምትዘፍኚው?" አላት። አልገባትም። "ቦታ እየለቀቅሽ ነው እኮ። በየስንኙ መጨረሻ ወደ ኋላ ትያለሽ፣ ሌላ ሰው እንዲገባበት። የናሙና አዘፋፈን ነው። ከእንግዲህ የሚመጣ ሰው የለም፤ ግቢና ተቀመጪበት።" እውነቱን ነው፤ አሥራ ሰባት ዓመት ሙሉ የዘፈነችው እንግዳ የሚያርፍበትን አልጋ እንደምታነጥፍ ሴት ነበር፤ አነጥፋ ትወጣለች። ሁለተኛው ቅጂ ላይ ጮኸች፤ እሱም አልሆነም። ውሃ ጠጣች። ላቮን ቦርሳዋ ውስጥ ከትምህርት ቤቱ ያመጣችው ብስኩት ነበር፤ ላንዳቸውም ሳታቀርብ ብቻዋን ትበላለች፣ ዓይኗ ምንጣፉ ላይ።

በሦስተኛው ሬታ ጮክ አላለችም፣ ዝቅም አላለችም። ደክሟት ነበር፤ የጠዋቱም፣ የአሥራ ሰባቱ ዓመትም ድካም ድምጿ ውስጥ አለ። ልትደብቀው አልሞከረችም። ኸርሸል ብረቱን በክሮቹ ላይ እንደ ትንፋሽ እያንሸራተተ አጀባት።

ፀሐይ ነበር ያን ቀን፣ ሰማዩ የጠራ፣
ቁርሴን በላሁ ጠርጌ፣ መኪናው ሲያጓራ።

እዚህ ስትደርስ ወደ እህቷ እንዳታይ ዓይኗን ጨፈነች። ዘፈኑ ያለ ማንኳኳት፣ ያለ እማዬ፣ አልጋው እየቀዘቀዘ አለቀ። የኸርሸል ጊታር የመጨረሻ ድምፅ ምንጣፉ ውስጥ እስኪገባ ጠበቁ። ሽማግሌው መሐረቡን አውጥቶ አፍንጫውን ተናፈጠ፣ የአቧራ አለርጂ አለብኝ አለ፣ ሻይ ላፍላ ብሎ ወደ ቤቱ ገባ። ሁለቱ ብቻቸውን ቀሩ። ላቮን የብስኩቱን ፍርፋሪ ከቀሚሷ ላይ አንድ በአንድ እየለቀመች ነበር።

"ስም ነበራት" አለች። "ሦስቱንም ቀን በስሟ ነው የጠራኋት። እነሱ በኋላ ሌላ ብለዋታል መሰለኝ።"

ላቮን ስሙን ነገረቻት። በዝግታ፣ አንዴ፣ አፏ ለረጅም ጊዜ ያልቀመሰውን ነገር እንደሚቀምስ ሆኖ። ሬታ ስሙን ስትሰማ ሳታስበው እጇ ወደ እርሳሱ ሄደ፤ የአሥራ ሰባት ዓመት ልማድ ነው፣ ስሙ ደግሞ ከዜማው ጋር ቁጭ የሚል ስም ነበር። "ላስገባው?" አለች።

"አይ" አለች ላቮን። "እሱ የኔ ነው።"

አልበሙ የወጣው በሚያዝያ ነው፣ አሥራ አንድ ዘፈን ይዞ። ሬታ ሆልከም የሚለው ስም በሽፋኑ ፊት በትልቁ ተጽፏል፤ ፎቶግራፏም አለ፣ የደከመ ፊቷ እንዳለ። የናሽቪል ትልልቆቹ ሬዲዮዎች አላጫወቱትም። የተራራው አገር ትንንሽ ጣቢያዎች ግን በጠዋቱ ፕሮግራም ላይ ደጋግመው አሰሙት፤ ከዚያም ደብዳቤ መምጣት ጀመረ። ሬታ በአሮጌው መኪናዋ ከከተማ ከተማ እየዞረች በየአዳራሹና በየበዓሉ ትዘፍናለች፤ ወገቧን ያማታል፣ ቡናው ቀዝቃዛ ነው፣ ሞቴሉ ይሸታል። ከአገር ቤት አንዲት የአጎት ልጅ ደውላ "አታፍሩም!" ብላ ስልኩን ዘጋች። ሌላዋ ደውላ ላቮንን አቅርቢልኝ ብላ ለሁለት ሰዓት አወራቻት። ላቮን አሁንም ማዕድ ቤቱ ትሠራለች። እህቷ ስትዘፍን ልታይ አንድ ጊዜ ብቻ ሄዳለች፣ ከኋላ ወንበር፣ ኮቷን ሳታወልቅ።

ዘፈኑ ሲያልቅ ሁልጊዜ አንዳንድ ሴቶች መድረኩ ሥር ይጠብቋታል። በአብዛኛው ጠና ያሉ ናቸው፤ አንዳንዶቹ ምንም ሳይናገሩ እጇን ብቻ ይዘው ይቆያሉ። ሌሎቹ ይጠይቃሉ፤ እውነት ነው ወይ ይላሉ፣ ሬታም እውነት ነው ትላለች። ከዚያ አንዷ ዝቅ ባለ ድምፅ "ልጅቷ ስሟ ማን ነበር?" ትላታለች።

ሬታ ያቺን ሴት ዓይን ዓይኗን እያየች "አልነገሩኝም" ትላለች።